አኮ ይሕደጎ ያስረከበው መሣሪያ

አጎቴ የተቀነሰው እኔ መቀነስ በተማርኩበት ዓመት ነው።

ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ብርቱካን ትሥልና ግማሾቹን በዳስተር ታጠፋቸዋለች፤ የጠፉት «ተቀናሽ»፣ የተረፉት «ቀሪ» ይባላሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ፣ «ወንድሜ ተቀናሽ ሆነ! ሊመጣ ነው!» እያለች እልል ስትል ደረስኩ። ከየት ላይ እንደተቀነሰ፣ ማን እንደቀነሰው የሚያስረዳኝ አጣሁ። አባዬን ብጠይቀው፣ «ጦርነቱ አለቀ፣ ወታደሩ በዛ፣ ትርፉን ወደየቤቱ ሸኙት» አለኝ። አባዬ ነጋዴ ነው፤ በእኛ ቤት ትርፍ ማለት የደስ ደስ ያለው ቃል ነበር። ስለዚህ እኔም ደስ አለኝ።

ቤታችን ከሳሊተ ምሕረት ጀርባ ነው። ዛሬ መኪና ማቆሚያ የሚጠፋበት ሰፈር ያኔ ግማሹ ሜዳ ነበር። ሰው ሁሉ ቤት ይሠራል፤ አባዬ ደግሞ ሲኤምሲ መንገድ ዳር ለቤት ሠሪው ሁሉ ሲሚንቶና ብረት ይሸጣል። ድንጋይና አሸዋ የጫኑ ገልባጮች ወደ አያት ሲወጡ መስኮታችን ይንጫጫል። እኔ ሰምሃል፣ የሣባና የአረጋዊ አንድ ልጅ፣ በዚያ አቧራ ውስጥ ቆርኪ እየለቀምኩ አደግሁ።

አጎቴ ቅዳሜ ቀን መጣ። ወታደር ስጠብቅ፣ እጅጌው እስከ ጣቱ ጫፍ የሚደርስ ግራጫ ሱፍ የለበሰ ቀጭን ሰው አባዬን ተከትሎ ከታክሲ ወረደ። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ አልገባም። ትንሽ ቦርሳውን እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ ቀጥ ብሎ፣ «ግባ» የሚለው ሰው እስኪመጣ ጠበቀ። እማዬ ከቤት እየሮጠች ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እያለቀሰች እልል አለች፤ እልል እያለች አለቀሰች። በአሥራ ስድስት ዓመቱ በረሃ የወጣ ወንድሟ ነው። ከበረሃ ወደ ጦር ሠራዊት፣ ከዚያም ወደ ድንበሩ ጦርነት ሄዶ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶት ነበር የተመለሰው።

እናትና አባቴ እርስ በርሳቸው ትግርኛ፣ ከኔ ጋር አማርኛ ነው የሚያወሩት። በትግርኛ የእናት ወንድም «አኮ» ይባላል። አኮ ይሕደጎ በርከክ ብሎ እጁን ዘረጋልኝና፣ «ይሕደጎ» አለኝ፣ ከትልቅ ሰው ጋር እንደሚተዋወቁት። እኔም «ሰምሃል» አልኩት። ወዲያው ወደድኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ጎረቤታችን እትዬ አሰፋሽ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊሉ መጡ። እማዬ ድንች እየላጠች፣ እኔ ልጣጩን እየሰበሰብኩ፣ ወሬያቸውን ሰማሁ።

«መሣሪያውን ሲያስረክብ አለቀሰ አሉኝ» አለች እማዬ።

«አይፈረድበትም። ስንት ዘመን አብሮት ኖረ!»

«ከእጁ ወርዶ አያውቅም እኮ። ዓይኑን በጨርቅ አስረውት ፈታትቶ ይገጥመዋል ይሉ ነበር ጓደኞቹ።»

«ታዲያ አሁን ባዶ እጁን ምን ያድርገው?»

መሣሪያ የሚለውን ቃል እኔ የማውቀው ከሬዲዮ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ጋዜጠኛ፣ «አሁን ደግሞ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ እናሰማችኋለን» ይላል፤ ከዚያ ዘፋኝ የሌለበት ዘፈን ይመጣል። ጠመንጃ ጠመንጃ ነው። ክላሽም ክላሽ ነው። መሣሪያ ግን ሙዚቃ ነው። ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ፦ አጎቴ ዓይኑን በጨርቅ ታስሮ የሚጫወት ሙዚቀኛ ነው፤ መሣሪያውንም ነጥቀውታል።

ማስረጃም አላጣሁም። አኮ ይሕደጎ ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ለግድግዳው፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ግቢው ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሲቀመጥ ታዲያ የእጆቹ ጣቶች ጉልበቱ ላይ አያርፉም፤ ይስባሉ፣ ይገፋሉ፣ ያዞራሉ፣ አንድ ነገር አውጥተው መልሰው ይከታሉ። ሁልጊዜ በዚያው ቅደም ተከተል ነው። አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ «ምን እየተጫወትክ ነው?» አልኩት። እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየውና ኪሱ ከተተው። ጣቶቹ ምን እየፈቱ ምን እየገጠሙ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ሱቅ ሲልኩት እንኳ ያስፈቅድ ነበር።

«ሣባ፣ ሱቅ ድረስ ልሂድ?»

«ሂድ እንጂ ወንድሜ፤ ማን ከልክሎህ?»

«ስንት ሰዓት ልመለስ?»

እማዬ ፊቷን ታዞርበታለች። እኔ ግን ጨዋነቱ ገረመኝ፤ እኔ የምቆጣው ሳላስፈቅድ በመውጣቴ ነበርና።

ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ሆነ። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ እጄን ጨምድዶ ይይዝና፣ ከወዲህም ከወዲያም አንድ መኪና እስከማይታይ ይጠብቃል። በሲኤምሲ መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ደጋግሜ አርፍጃለሁ። ኮረኮንቹ ላይ ደግሞ ዓይኑን ከመሬት አይነቅልም፤ እያንዳንዱን እርምጃ መርጦ ይረግጣል። ቆርኪ የሚፈልግልኝ መስሎኝ፣ «እዚያ ጋ አለልህ!» እያልኩ አሳየው ጀመር። ግራ እየገባው ያነሳልኛል። ከጥቂት ቀን በኋላ እኔ ሳላሳየውም ማንሳት ለመደ፤ ኪሱ ሁልጊዜ ይንሿሿ ነበር። ፈንጂ በተቀበረበት አገር የኖረ እግር እንዲያ እንደሚራመድ ማን ይንገረኝ?

የእትዬ አሰፋሽ ባል ጋሽ ገረመው ይባላሉ። ሳክስፎን ይጫወታሉ፤ በየሰርጉ የሚሠራ ባንድም አላቸው። ከሰዓት በኋላ ልምምዳቸው በአጥራችን ላይ ተሻግሮ ይመጣል፤ እኔ የቤት ሥራዬን የምሠራው በእሳቸው ሙዚቃ ነበር። አኮ ይሕደጎ ከመጣ ወዲህ ግን ሳክስፎኑ ዝም አለ። በእኛ በኩል ያለውን መስኮታቸውንም ዘጉት። ለእኔ ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ከእሳቸው የበለጠ ሙዚቀኛ መጥቶባቸው አፍረዋል።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ትልልቆቹ ሳሎን ዘግተው አወሩ። በትግርኛ ነው፤ የእኔ ትግርኛ ደግሞ ቆሎ ነው፣ አንዱ ፍሬ ይገባኛል፣ ሌላው ይንጠባጠባል። አኮ ይሕደጎ «ክምለስ» ሲል ሰማሁ፤ ልመለስ ማለቱ ነው። «ብዘይ ብረት»፣ ያለ ብረት፣ የሚልም ሰማሁ። ብረት የአባዬ ሸቀጥ ስለሆነ አለፍኩት። በትግርኛ ብረት ጠመንጃም ማለት መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። አባዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። ወንበር ተንቋቋ። በሩ ሲከፈት አኮ ይሕደጎ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ እማዬ ሶፋው ላይ ቀረች።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«አኮሽ ሊሄድ ነው።»

«የት?»

«ድንበር አካባቢ፣ ጓደኞቹ ያሉበት። እዚህ ሰው መሆን አቃተኝ ይላል።» ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ የተናገረች ይመስላል፦ «እጁ ባዶ ሆነበት።»

ይህን ያህል ቀላል ነገር ትልልቅ ሰዎች እንዴት እንደሚያስለቅሳቸው አልገባኝም። እጁ ባዶ ከሆነ መሙላት ነው።

በማግስቱ ጋሽ ገረመው ጓሯቸው ውስጥ ጎመን ውሃ ሲያጠጡ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ገባሁ።

«ጋሽ ገረመው፣ መሣሪያ ያውሱኛል?»

የውሃው ጎማ ከእጃቸው አመለጠ። «ምን አልሽ አንቺ?»

«መሣሪያ። ለአኮ ይሕደጎ ነው። የእሱን ተቀብለውታል።»

«ማን ነው የተቀበለው?»

«መንግሥት።»

«እና ከኔ ልትወስጂለት መጣሽ!»

«እርስዎ አለዎት አይደል? ከሰዓት ከሰዓት ይሰማኛል እኮ። እሱ ከመጣ ወዲህ ተውት እንጂ።»

አፈጠጡብኝ። ጎማው ጫማቸውን እያጠጣ ነበር። ከዚያ ከሆዳቸው የተነሳ ሳቅ ገነፈለባቸው፤ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ያዙ። መሣሪያ የሌለው ሰው ምኑ እንደሚያስቅ ባይገባኝም፣ ላጽናናቸው ብዬ፣

«አይፍሩት፤ ቢበልጥዎትም ደግ ነው» አልኳቸው።

ሳቃቸው ቆመ። «ፈርቼው አይደለም» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ፈርቼውም ይሆናል።» ጎማውን አንስተው ውሃውን ዘጉ። «የኔንም ተቀብለውኛል፤ አንቺ ሳትወለጂ።»

«ሳክስፎኑን?»

«ሁለቱንም።»

ሁለት መሣሪያ የነበራቸው ሰው ናቸው ብዬ አከበርኳቸው። ጋሽ ገረመው የቀድሞው ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ባልደረባ ነበሩ። ሰማንያ ሦስት ላይ ሠራዊቱ ሲበተን ካምፕ ከርመው፣ ያለ ሥራ ያለ ጡረታ ወጥተው፣ ከዜሮ የጀመሩ ሰው ናቸው። የበተናቸው ወገን ታጋይ ደግሞ አሁን በአንድ አጥር ማዶ ተቀምጦ ነበር። መስኮቱ የተዘጋው ለዚህ ነበር።

ጋሽ ገረመው ቤት ገብተው ከአልጋ ሥር ጥቁር ሳጥን ጎትተው አወጡ። «ሳክስፎኔን ለማንም አልሰጥም። ይኼን አኮርዲዮን ውሰጂለት። ግን ስሚ፤ የሚመልስልኝ እሱ ራሱ ነው። አንቺም አይደለሽ፣ እናትሽም አይደለች። እሱ ራሱ፣ በበሩ ገብቶ።»

ሳጥኑን ከእትዬ አሰፋሽ ጋር ተጋግዘን አመጣነው። እሳቸው በራችን ላይ አስቀምጠውልኝ እየሳቁ ሸሹ፤ እኔ እየጎተትኩ አኮ ይሕደጎ እግር ሥር አደረስኩት።

«ምንድን ነው?»

«ክፈተው።»

«ማን ሰጠሽ?»

«ጋሽ ገረመው።»

ከመቀመጫው ተነሳ። ሳጥኑን አንድ ጊዜ ዞረው። በርከክ ብሎ አሸተተው። በክዳኑ ሥር ጣቱን እንደ ላባ አድርጎ ከዳር እስከ ዳር አሳለፈ። እውነተኛ ሙዚቀኛ መሣሪያን እንዲህ ነው የሚያከብረው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ እኔን በአንድ እጁ ወደ ኋላው ገፋ አድርጎ መቆለፊያውን ለቀቀው። የአኮርዲዮኑ ማሰሪያ ላልቶ ኖሮ፣ ክዳኑ ሲነሳ ሳንባው ተዘረጋና «ኡኡኡፍ» አለ፤ ረጅም፣ የደከመው ሰው ትንፋሽ።

አኮ ይሕደጎ ደርቆ ቀረ።

«መሣሪያ ነው» አልኩት። «ያንተን ስለተቀበሉህ ነው። የራስህ እስኪመለስልህ በዚህ ትጫወታለህ፤ ድንበርም አትሄድም።»

እኔን አየኝ። አኮርዲዮኑን አየው። በአንድ ጣቱ አንዱን ነጭ ጥርስ ተጫነው፤ አኮርዲዮኑ እንደ ጥጃ እምቧ አለ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እማዬ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሞላ እየሮጠች ወጣች፤ ያለቀሰ መስሏት። ቀና ብሎ አያት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ሣባ» አላት፣ «የኔ መሣሪያ እንዲህ አይተነፍስም ነበር!»

ሳቁ በግቢው ሞላ። እማዬ መጀመሪያ ምንም አልገባትም፤ ሲገባት እሷም መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይጀምራል። «ይኼ የልጅነት ሳቁ ነው» አለችኝ፣ አረፋ በአረፋ ሆና አቅፋኝ። «ከነሕይወቱ ነው ያለው።»

ስድስተኛ ክፍል ደርሼ በሥነ ዜጋ መጽሐፍ ውስጥ «የጦር መሣሪያ» የሚል ሳነብ ፊቴ ጋለ። በሩጫ ወደ እሱ ሄጄ፣ «ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ?» አለኝ። «ሰው ሁሉ ወታደር ነበር ይለኛል። ሙዚቀኛ ነበርክ ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

አኮርዲዮኑ በመጣ በማግስቱ አኮ ይሕደጎ ሊመልሰው ግራጫ ሱፉን ለበሰ። ሳጥኑን እንደ ስንቅ ጀርባው ላይ አዘለ፤ እጄን ያዘ። በጋሽ ገረመው በር ላይ ቆምን። «ግቡ» አሉ። ገባን።

ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እትዬ አሰፋሽ ሻይና ዳቦ አቀረቡ። እኔ ዳቦዬን ማላመጥ ያዝኩ።

«የት የት ነበርክ?» አሉት ጋሽ ገረመው።

«ብዙ ቦታ።»

«ሰማንያ አንድ ላይስ?»

አኮ ይሕደጎ የአንድ ተራራ ስም ጠራ። ጋሽ ገረመው የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ከላይ ነበራችሁ ከታች?»

«ከላይ።»

«እኛ ከታች ነበርን።»

ጆሮዬ ቆመ። ፎቅ ቤት ነው! «ጎረቤት ነበራችሁ እንዴ?» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «አዎ» አሉ ጋሽ ገረመው፣ «ጎረቤት ነበርን።»

«ውሃው እናንተ ጋ ነበር» አለ አኮ ይሕደጎ።

«ውሃው እኛ ጋ፣ ነፋሱ እናንተ ጋ።»

የውሃ ነገር ጎረቤትን እንዴት እንደሚያጣላ ከሰፈራችን ቦኖ አውቅ ስለነበር አልገረመኝም።

«አመሻሽ ላይ» አለ አኮ ይሕደጎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጥሩንባ የሚነፋ ሰው ነበራችሁ።»

«ጥሩንባ?» ጋሽ ገረመው ደረታቸው ተነፋ። «ጥሩንባ! ሳክስፎን ነው እንጂ ምን ጥሩንባ አለ!»

«እርስዎ ነበሩ?»

«ታዲያ ማን ይሆናል? ሠራዊቱን እንድናበረታታ ልከውን።»

አኮ ይሕደጎ ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠጋ። «አለቃችን ‹ይጨርስ› ይለን ነበር። እስኪጨርሱ ድረስ ማንም ንክች አያደርግም። አንዳንዶቹ ልጆች ‹ያቺን ቀስ ያለችውን በደገማት› ይሉ ነበር።»

«ያ ሁሉ ጸጥታ» አሉ ጋሽ ገረመው፣ «እኔን እያዳመጠ ነበር?»

«ከዚያስ?» አልኩ እኔ።

«ከዚያማ» አሉ ጋሽ ገረመው፣ «ሁላችንም ቤት ለቀቅን።»

ፊታቸው ስለጠቆረ ኪራይ ተወዶባቸው ይሆናል አልኩ። እንዴት እንደለቀቁ፣ ከላይም ከታችም ስንቱ እዚያው እንደቀረ፣ ከሁለቱ አንዳቸውም እስከ ዛሬ ለኔ ተናግረው አያውቁም።

አኮ ይሕደጎ ያቺን ቀስ ያለችውን ዜማ ሊያስታውሳቸው አንጎራጎረ። አቤት አስቀያሚነቱ! ታላቁ ሙዚቀኛ አጎቴ የሞተር ድምፅ ነበር የሚያወጣው። ጋሽ ገረመው ጆሯቸውን ያዙ። «ኧረ አታበላሽብኝ!» ብለው ተነስተው ገቡና ሳክስፎናቸውን አንግተው ወጡ። መስኮቱን ከፈቱት። ነፉት። አጥሩ ማዶ የእማዬ ራስ ብቅ አለ፤ እትዬ አሰፋሽ መቀነታቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። አኮ ይሕደጎ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አዳመጠ። ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም።

ስንወጣ ጋሽ ገረመው፣ «ሽቦ ታውቃለህ?» አሉት።

«የመገናኛ ሬዲዮ ይዤ ነው የኖርኩት።»

«ቅዳሜ አያት ሰርግ አለን። ድምፅ ማጉያውን የሚይዝልን ልጅ ጥሎን ሄዷል።»

«ከቅዳሜ በኋላ እሄዳለሁ» አለ አኮ ይሕደጎ።

«ሂድ። ከቅዳሜ በኋላ።»

የሙሽራዋ አባት የአባዬ ደንበኛ ስለነበሩ እኛም ተጠራን። ድንኳኑ የተተከለው አያት፣ ገና ያላለቀ ቪላ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከፎቁ ላይ የቆመው የብረት ዘንግ ሁሉ ፊኛ ታስሮበታል። አኮ ይሕደጎ ከጠዋት ጀምሮ ሽቦ ሲዘረጋ፣ ሲያጣብቅ፣ ስፒከር ሲያዞር ዋለ። የባንዱ ዘፋኝ ተናኜ፣ ሳቋ የማያልቅ ልጅ፣ «ወንድም፣ ምነው እንደ ምሽግ ቆፈርከው?» እያለች ትቀልድበታለች። እሱ ቀና ብሎ አያያትም፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። ዛሬ ሚስቱ ናት። አያት ባቡሩ መጨረሻ አጠገብ የድምፅ መሣሪያ የሚያከራዩበት ሱቅ አላቸው፤ ለሚ ኩራ ውስጥ የእነሱ ስፒከር ያልጮኸበት ሰርግ ጥቂት ነው። እሷ ትዘፍናለች። እሱ እንዳይዘፍን ተስማምተዋል።

እንግዳው ሲገባ አኮ ይሕደጎ ማይክሮፎኑን ጨብጦ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጠ።

«ሄሎ፣ ሄሎ። ትሰማኛለህ? ተቀበል!»

እሱ በሬዲዮ እንደለመደው ነው። ሰርገኛው ግን ግጥም የሚያቀብል አዝማሪ መስሎት በአንድ ድምፅ «ሆ!» አለለት። አኮ ይሕደጎ ደንግጦ ዞረ። «ትሰማኛለህ?» አለ ደግሞ፣ እውነት ለማጣራት። «ሆ!» አለ ድንኳኑ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ሙሽሮቹ ገቡ፣ ተበላ፣ ተጨፈረ። ከዚያ ሙሽራው ሻምፓኙን አንስቶ ነቀነቀና ቡሹን ለቀቀው።

ጧ!

ምን እንደሆነ ሳላውቅ መሬት ላይ ነበርኩ። አኮ ይሕደጎ ከላይ ሸፍኖኛል፤ ልቡ ጀርባዬ ላይ ይመታል። አፍንጫዬ ቄጤማው ውስጥ ገብቷል። ሙዚቃው ቆመ፤ ድንኳኑ ጸጥ አለ። እኔ አዲስ ጭፈራ መስሎኝ በሳቅ ፈነዳሁ። የእኔን ሳቅ የሰሙ ልጆች ሁሉ ከየወንበራቸው ዘለው አጠገባችን ተዘረሩ፤ ቄጤማው በልጅ ተሞላ።

አኮ ይሕደጎ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ፊቱ አመድ ለብሷል። የሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ነበር፤ ሊሸሽ በሩን ሲፈልግ አየሁት። ያን ጊዜ ከስፒከሩ ማዶ፣ እንደ እሱ በሆዳቸው የተኙ፣ ሳክስፎናቸውን ግን እንዳይነካ በአንድ እጃቸው ወደ ሰማይ የያዙ ጋሽ ገረመውን አየ። ሁለቱ መሬት ለመሬት ተያዩ።

«ዛሬስ» አሉ ጋሽ ገረመው፣ «እናንተም ከታች ናችሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ቄጤማ ላይ ተኝተው፣ መነሳት እስኪያቅታቸው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሳቁ። የሙሽራዋ አባት ግራ ተጋብተው «ምን ሆኑ? ምን ሆኑ?» ሲሉ ተናኜ ማይክሮፎኑን ነጠቀች።

«የባንዳችን ባህል ነው! ሻምፓኝ ሲከፈት ለሙሽሮች መሬት ይሳማል!»

ሁለተኛው ጠርሙስ ሲከፈት የሰርገኛው ግማሽ መሬት ወረደ። የሙሽራዋ አባት ራሳቸው፣ ካባቸውን ሰብስበው፣ በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። አኮ ይሕደጎም እንደገና ተኛ፤ አሁን ግን እየሳቀ ነበር። ከዚያ እማዬ ከበሮ አንገቷ ላይ አጠለቀች። የትግርኛው ጓይላ ተመታ፤ ጋሽ ገረመው በሳክስፎን ተከተሏት። አኮ ይሕደጎ ከነዚያ ረጅም እጅጌዎቹ ጋር ክቡ ውስጥ ገብቶ ትከሻውን ሲሰብቅ፣ አባዬ «ይኼ ሰውዬ ነው ሰው መሆን አቃተኝ ያለው?» እያለ አጨበጨበ።

ሰርጉ ያለቀው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። አባዬ በሰው መኪና ቀደመን፤ እኛ ከባንዱ ዕቃ ጋር በጋሽ ገረመው ሚኒባስ ተጫንን። እማዬና እትዬ አሰፋሽ ከፊት፣ እኔና አኮ ይሕደጎ ከኋላ በስፒከሮቹ መሃል። ገና ከአያት ሳንርቅ ራሱን ስፒከሩ ላይ ጣል አደረገ። አፉ ተከፈተ። ማንኮራፋት ጀመረ።

የሳሊተ ምሕረት መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ጋሽ ገረመው ፍሬን ያዙ። እማዬ ወደ ኋላ ዞረች። ብዙ አየችው።

«ጋሽ ገረመው» አለች በሹክሹክታ፣ «እባክዎ አይቁሙ።»

ጋሽ ገረመው በመስታወቱ ተመለከቱና ነዳጅ ሰጡ። ወደ ቤታችን የሚያስገባው መንገድ በመስኮቴ ሲያልፍ ሳየው ደስታ ሊገድለኝ! ለሽርሽር ነው የሚወስዱን። ጉርድ ሾላን አለፍን፣ መገናኛ ደርሰን ዞርን፤ እንደገና ወደ አያት ወጣን፣ እንደገና ወረድን። እትዬ አሰፋሽ ከሰርጉ የያዙትን ድፎ ዳቦ እየቆረሱ ያቀብሉኛል፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ እያደረጉ። ሰኞ ዕለት ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ፣ ሙዚቀኞች አገር ሲያዞሩኝ ዋሉ ብዬ አወራሁ።

ባለፈው ዓመት ልጄን ሳስተኛ ነው እናቴ የነገረችኝ። አኮ ይሕደጎ ከመጣ ጀምሮ ሌሊት በማናቸውም ሰዓት በሩን ከፈት ስታደርግ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ነበር የምታገኘው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተኝቶ ያየችው በዚያ መኪና ውስጥ ነው።

ጋሽ ገረመው ጉድጓድ ሲያዩ ዝሆን እንደጫነ ሰው ቀስ ብለው ይዞራሉ። የኋላ መኪኖች ጥሩንባ ሲነፉባቸው በመስኮት እጃቸውን አውጥተው «እለፉ፣ እለፉ» ይላሉ። የሲኤምሲ ቤቶች መስኮት ሁሉ በጀምበሯ ቀልቷል። አኮ ይሕደጎ ያንኮራፋል።

«ገረመው» አሉ እትዬ አሰፋሽ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ «ቤንዚኑ እያለቀ ነው።»

«ይለቅ» አሉ ጋሽ ገረመው፤ መሪውንም ወደ አያት መለሱት።